ባዕዱን ቁጥር ፍለጋ

«ከሚከተሉት ቁጥሮች መካከል ከሌሎቹ የሚለየው የትኛው ነው?»

ባንክ ለመግባት የጽሑፍ ፈተና የተቀመጠ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ለማስተርስ መግቢያ ሲያጠና የከረመም ያውቃታል። አምስት ቁጥሮች ከኤ እስከ ኢ ይደረደራሉ። አንዷን ማጥቆር ነው። ቀመር የላትም፣ ረጅም ስሌት የላትም፣ ካልኩሌተርም አትፈልግም። እንደዚያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስን በኤ ያለፈ ልጅ እሷ ፊት ድርቅ ብሎ ሲቀር አይቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ተመራቂዎች ቤቴ ይሰበሰባሉ። ጎሮ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ነጩ ሰሌዳ ፍሪጁን ተደግፎ ይቆማል። ድሮ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ ግን አመል አይለቅም። ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። አካውንቲንግ ተመርቃ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ታመለክታለች። ፈተናው አፕቲቲዩድ፣ ማለትም የማሰብ ችሎታ መለኪያ ጥያቄ፣ እንደሚበዛው ስታውቅ ወደ እኔ መጣች። ቀጥላ ጓደኞቿን አመጣች፤ ጓደኞቿም ጓደኛ አላቸው።

ይዘውት የሚመጡት ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው፣ ወይም ደጋግሞ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የደበዘዘ ወረቀት። ብዙው ከህንድ መለማመጃዎች የተገለበጠ ነው። ዕቃው በሩፒ ሲሸጥ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የቁጥሮቹ ጥያቄ ግን አገር የለውም። የሌለው ይመስላል ልበል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሲጀምሩ ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው። አምስቱ ላይ አፍጥጠው ለየት ያለውን ይፈልጋሉ። ትልቁን ያያሉ፣ ትንሹን ያያሉ። በ5 የሚያልቅ ካለ ዓይናቸው እዚያ ይተከላል። እዚህ ጋ ነው የምጮኸው። ሠርግ ቤት ገብታችሁ «ሳይጠራ የመጣውን ለዩ» ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? መቼም በልብሱ አትፈርዱም። መጀመሪያ የሙሽሮቹ ዘመድ ወዳጅ ማን ማን እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። እዚህም ያው ነው። አራቱን የሚያዛምደው ነገር ከተገኘ አምስተኛው ራሱ ይወጣል።

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ «ይሄ ለየት ይላል» ማለት ክልክል ነው። «እነዚህ አራቱ እንዲህ ስለሆኑ» ብሎ የጀመረ ብቻ ይናገራል። መጀመሪያ ይነጫነጩብኛል። ትንሽ ቆይተው ግን እርስ በርሳቸው መተራረም ይጀምራሉ።

ቀላሉን እንይ። 23፣ 37፣ 51፣ 61፣ 79።

ሁሉም ጎዶሎ ናቸው። ሁሉም ባለ ሁለት አሃዝ ናቸው። እነዚህ ሁለት ነገሮች አምስቱንም ስለሚያቅፉ ምንም አይጠቅሙንም። 23፣ 37፣ 61 እና 79 ግን ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም። ፕራይም ናቸው። 51 ደግሞ 3 ሲባዛ በ17 ነው። መልሱ 51።

ፕራይምን ያላወቀ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ከ100 በታች ያሉት 25 ናቸው። ሸምድዱ የሚሉ አስጠኚዎች አሉ። እኔ አልልም፤ ፈተና ላይ ሰው የሸመደደው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። ከመሸምደድ ማጣራት ይቀላል። በ2 እና በ5 የሚካፈለውን መጨረሻው አሃዝ ራሱ ይናገራል። በ3 የሚካፈለውን አሃዞቹን ደምሮ ማወቅ ነው፤ 87 ቢመጣ 8 ሲደመር 7፣ 15፣ በ3 ይካፈላል፣ ተባረረ። እነዚህን ሁሉ ካባረራችሁ በኋላ ከ100 በታች ፕራይም መስለው የሚቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 49፣ 77 እና 91። 49ን እና 77ን የማባዣ ሰንጠረዥ ያወቀ ሁሉ ያውቃቸዋል። የቀረችው 91 ናት።

ፈተና አውጪዎች 91ን ነፍሳቸው ይወዳታል። ፊቷን ስታዩዋት ፍጹም ፕራይም ናት። ግን 7 ሲባዛ በ13 ናት። ቁጥር በ7 መካፈሉን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርጉና ከቀረው ላይ ቀንሱ። 91፦ የ1 እጥፍ 2፤ 9 ሲቀነስ 2፣ 7። ይካፈላል። 161፦ 16 ሲቀነስ 2፣ 14። ይካፈላል። 133፦ 13 ሲቀነስ 6፣ 7። ይካፈላል። ሦስቱም ቁጥሮች በፒዲኤፎቹ ውስጥ ሲመላለሱ አይቻለሁ። ከ100 ከዘለለ 119ንም ያዙ፤ 7 ሲባዛ በ17 ነው።

እግረ መንገዴን፣ በዚህ ነገር የተታለለ ሰው ማፈር የለበትም። አሌክሳንደር ግሮተንዲክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ታላላቆቹ መካከል ነው። በ1966 የሒሳብ ትልቁን ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳልያን ተሸልሟል። አንድ ጊዜ ስለ ፕራይም ቁጥሮች ሲያወራ አንዱ «እስቲ በተጨባጭ ቁጥር አሳየን» አለው ይባላል። እሱም «እሺ፣ 57ን ውሰዱ» አለ። 57 ደግሞ 3 ሲባዛ በ19 ነው። እስከ ዛሬ ሒሳበኞች 57ን «የግሮተንዲክ ፕራይም» እያሉ ይቀልዱበታል። ይህን ታሪክ ከነገርኳቸው በኋላ ከልጆቹ አንድም 57 ላይ የወደቀ የለም።

ከፕራይም ቀጥሎ የሚዘወተረው ስኩዌር ነው፤ አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚመጣው። 144፣ 196፣ 225፣ 250፣ 324። የ12፣ የ14፣ የ15 እና የ18 ስኩዌሮች አሉ፤ 250 ባዕድ ነው። እስከ 20 ያሉትን ስኩዌሮች ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ መሸምደድን እፈቅዳለሁ። ባታስታውሱም መጨረሻውን አይታችሁ ብዙ መጣል ትችላላችሁ። በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ስኩዌር የለም። በ5 የሚያልቅ ከሆነ የግድ በ25 ያልቃል። በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ ዜሮዎቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ 250 ወዲያው የወደቀው ለዚህ ነው።

ኪዩቦቹ፣ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ የሚመጡት፣ ከዚህ ያነሱ ናቸው፦ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729፣ 1000። ከእነዚህ ውስጥ 64 እና 729ን ልብ በሉ። 64 የ8 ስኩዌር ነው፣ የ4 ኪዩብም ነው። 729 የ27 ስኩዌር ነው፣ የ9 ኪዩብም ነው። 27፣ 64፣ 125፣ 144፣ 216 የሚል ጥያቄ ሲመጣ ችኩል ሰው 64 እና 144 ስኩዌር ስለሆኑ ግራ ይገባዋል፤ ሁለት ለሦስት ተከፈለበት። አራቱን የሚፈልግ ሰው ግን አይቸገርም። 64ን ከኪዩቦቹ ጋር ያስቀምጠዋል፤ 144 ብቻውን ይቀራል።

አንዳንዴ ደግሞ ስኩዌሩ ራሱ አይመጣም፤ ጎረቤቱ ይመጣል። 17፣ 26፣ 37፣ 48፣ 65። ሙሉ (በ2 የሚካፈል) አለ፣ ጎዶሎ አለ፣ ፕራይም አለ፣ ሁሉም ተደባልቋል። ግን 16፣ 25፣ 36 እና 64 ላይ አንድ አንድ ጨምሩ። አራቱ ተገኙ። 48 ከ49 አንድ የጎደለ ነው። ፈተና አውጪው ሆን ብሎ በዚያኛው ወገን በኩል አስጠጋው። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ አከብረዋለሁ፤ ድካም አለበት።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። 253፣ 374፣ 495፣ 583፣ 642።

ልጆቹ እዚህ ጋ ይዝላሉ። ስኩዌር የለም፣ ኪዩብ የለም። 583 በስንት እንደሚካፈል ማን በቃሉ ያውቃል? እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን እንዳለ ማየት ተዉና አሃዞቹን ለየብቻ እዩ። 2፣ 5፣ 3። ዳርና ዳሩን ደምሩ። 2 ሲደመር 3፣ 5። መሃል ላይ ተቀምጧል። 374፦ 3 ሲደመር 4፣ 7። መሃል ላይ አለ። 495፦ 4 ሲደመር 5፣ 9። አለ። 583፦ 5 ሲደመር 3፣ 8። አለ። 642፦ 6 ሲደመር 2፣ 8፤ መሃል ያለው ግን 4 ነው። ወጣ።

ለፈተናው ይሄ ይበቃል። እኔ ግን እዚህ አላቆምም፤ ከሥሩ ያለው ይበልጣልና። 253ን ለ11 አካፍሉት። 23 ይመጣል። 374 ለ11፣ 34። 495 ለ11፣ 45። 583 ለ11፣ 53። የሚመጣው መልስ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ አሃዞች ናቸው! ምክንያቱ ቀላል ነው። 23ን በ11 ማባዛት ማለት 230 ላይ 23 መጨመር ነው። በመቶ ቤት 2 ይቀመጣል፣ በአንድ ቤት 3 ይቀመጣል፣ በአሥር ቤት 3 እና 2 ይገናኛሉ። መሃሉ የዳሮቹ ድምር የሆነው ለዚህ ነው። አራቱም የ11 ብዜቶች ናቸው፤ 642 አይደለም።

ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ልጅ «ጋሼ፣ ድምሩ ከ9 ቢበልጥስ?» አለኝ። ደስ ያለኝን አልነግራችሁም። 58ን በ11 አባዛነው። 638። ዳርና ዳሩ 6 እና 8፣ ድምራቸው 14። መሃሉ 3። 14 ሲቀነስ 3፣ 11። ስለዚህ ከዳሮቹ ድምር ላይ መሃሉን ስትቀንሱ 0 ወይም 11 ከመጣ ቁጥሩ በ11 ይካፈላል። ክፉ ፈተና አውጪ 642 በነበረበት ቦታ ላይ 638ን ቢያስገባ፣ አሃዝ ብቻ የሚደምረው ልጅ አሁንም ትክክለኛውን ፊደል ያጠቁራል። በ11 የሚያካፍለው ልጅ ግን አምስቱም ተካፍለውለት ተፋጦ ይቀመጣል። ብዙ ያወቀ ሁልጊዜ አይጠቀምም ማለት ነው። ሳቁ።

ደረጃ ያላቸውም አሉ። 49፣ 121፣ 169፣ 225፣ 289። አምስቱም ስኩዌር ናቸው። ስኩዌር መሆናቸውን ሲያዩ ልጆቹ መጀመሪያ ደስ ይላቸዋል፣ ቀጥሎ ይጨንቃቸዋል፤ የሚያዛምደው ነገር ሁሉንም አቀፈ፣ ማንንም አላስወጣም። እዚህ ጋ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ሥሮቻቸው 7፣ 11፣ 13፣ 15፣ 17 ናቸው። 15 ብቻ ፕራይም አይደለም። መልሱ 225። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ሲመጡ ጥያቄው አላለቀም፤ ገና ግማሹ ነው የተነበበው።

ሌላው ብዙም አያስቸግርም። እኩል የሚራመዱ ቁጥሮች መካከል አንዱ ሲያነክስ በልዩነታቸው ይያዛል። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚመጡትም ከጥንዶቹ በአንዱ ላይ ግንኙነቱን ካገኛችሁ ያልቃሉ።

አሁን ስለ መጥፎዎቹ።

የእህቴ ልጅ አንድ ቦታ ተፈትና ተናድዳ መጣች። የቦታው ስም ይቅር። ከግቢው ውጪ ተፈታኞቹ ተከራክረው ሊጣሉ ነበር አለች። ጥያቄው 2፣ 5፣ 9፣ 11፣ 17 ነበር። ግማሹ «2 ነው፤ ሌሎቹ ጎዶሎ ናቸው» ይላል። ግማሹ «9 ነው፤ ሌሎቹ ፕራይም ናቸው» ይላል። ሁለቱም አራቱን አዛምደዋል። ሁለቱም ሕጉን ጠብቀዋል። ማን ትክክል ነው?

እሷ እኔ እንድፈርድ ትፈልጋለች። እኔ ቢሆን 9ን አጠቁራለሁ፤ ግን አልምልም። ነገሩን በፈተና አውጪው ቦታ ሆኜ ነው የማስበው። ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ደርድሮ አንድ ሙሉ ሊጨምር የፈለገ ሰው ከሙሉዎቹ ሁሉ መርጦ 2ን ለምን ያመጣል? 8 ወይም 14 ማን ከለከለው? 2 ደግሞ ከሙሉ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛዋ ፕራይም ናት። እዚያ የተቀመጠችው ለማሳሳት ይመስላል። በሌላ በኩል ግን ቁጥሮቹ ትንንሾች ናቸው። ከ20 በታች ካሉት አሥር ጎዶሎዎች ሰባቱ ፕራይም ናቸው። ጎዶሎ ብቻ ያሰበ ሰው ሳያስበው 5ን፣ 11ን እና 17ን ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ ማረጋገጫ የለም።

ጥያቄው 2፣ 29፣ 43፣ 57፣ 71 ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር 57 እል ነበር። ጎዶሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው እጁ ላይ 35፣ 45፣ 63 የመሳሰሉት በቀላሉ ይመጡለታል። 29ን፣ 43ን እና 71ን መርጦ ደርድሮ፣ ከሩቅ 2ን ጠርቶ፣ መሃል ላይ 57ን የሸጎጠ ሰው ፕራይም እያሰበ ነበር። እዚህ የሰውዬው እጅ ይታያል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግን አይታይም። ያ ጥያቄ መሰረዝ ነበረበት። ለአንድ ነጥብ ከሥራ የሚቀር ሰው አለ፤ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም።

ታንያ ሆቫኖቫ የምትባል ሩሲያ የተወለደች፣ አሜሪካ የምትሠራ የሒሳብ ሊቅ አለች። እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ የሠራችው ቀልድ አለ። ቅርጾች ደርድራለች። አንዱ በቀለሙ ይለያል፣ አንዱ በቅርጹ ይለያል፣ አንዱ በመጠኑ፣ አንዱ በጠርዙ። አንድ ብቻ በምንም አይለይም። እንግዲህ የተለየው እሱ ነዋ! ይህን ለልጆቹ ስስልላቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ይሄ ፍልስፍና ነው» ብሎ ናቀው። ገሚሱ ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

ወደ አገሩ ነገር ልመለስ። አንድ ቀን እኔም ጥያቄ ልሥራላቸው አልኩና ይቺን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ 2003፣ 2007፣ 2009፣ 2011፣ 2019።

አጣደፏት። አንዷ አሃዞቹን ደመረች። አንዱ «2007 በ9 ይካፈላል፣ ሌሎቹ አይካፈሉም» ብሎ ሕጌን እንዳከበረ ሊያሳምነኝ ሞከረ። «አራቱ ያልሆኑትን ነገር ሳይሆን የሆኑትን ነገር ንገረኝ» አልኩት። ሲቪሉ 2003 እና 2011 ፕራይም መሆናቸውን ደረሰበት፤ ቀሪዎቹ ግን እንቢ አሉት። ያ ሁሉ ስኩዌርና ኪዩብ ተሞከረ።

እናቴ ጥግ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ምንድን ነው የምታነቡት? ዓመተ ምሕረት ነው?» አለች። ነው አልናት። ደግሜ ጠራሁላት። «2009 ማቴዎስ ነበር» አለች፤ «የቀሩት ሉቃስ ናቸው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ሰንበትም በዓልም አታጓድልም፤ ዘመናቱን እንደ ልጆቿ ልደት ነው የምታውቃቸው። ሒሳቡ ግን የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ሒሳብ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትጨምራላችሁ፣ ለ4 ታካፍላላችሁ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። 5500 ራሱ በ4 ስለሚካፈል ቀሪውን አይለውጠውም። ስለዚህ ለፈተና ቢሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ለ4 ማካፈል ይበቃል። 03፣ 07፣ 11፣ 19 ሁሉም 3 ይተርፋሉ። 09 ብቻ 1 ይተርፋል። ቀሪው 3 የሆነበት ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2019ም እንደዚያ ነው።

የህንዱ ወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ ቢኖር «በ4 ሲካፈል የሚተርፈው» ተብሎ ይፈታል። እናቴ ደግሞ ማካፈል ሳያስፈልጋት ፈታችው። ለዚያ ነው ይህ ዓይነቱ ጥያቄ የማሰብ ችሎታን ብቻ ይለካል ሲሉኝ የማልቀበለው። የፈተና አውጪውንና የተፈታኙን ትውውቅም ይለካል። ስኩዌርና ፕራይም እየሠራ ያደገ ሰው ያወጣውን ጥያቄ፣ ስኩዌርና ፕራይም እየሠራ ያደገ ሰው ቶሎ ይፈታዋል። ልጆቹን የማስጠናውም ማሰብ ስለማይችሉ አይደለም። የእነዚያን ሰዎች ልማድ እንዲያውቁ ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ተራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ሙሉና ጎዶሎ፣ በ3 እና በ5፣ ፕራይም፣ ስኩዌርና ኪዩብ፣ ጎረቤቶቻቸው፣ አሃዞቹ፣ ቀሪው። ይህ ሁሉ ሲለመድ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አልመጣም? ምልክት አድርጉና እለፉ። ጥያቄዋ ላይ እልህ መያዝ የለም። እልኸኛው ልጅ ወረቀቱ ሲሰበሰብ መጨረሻ ገጽ ላይ ያሉትን የቃላት ጥያቄዎች ገና አላያቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ለመዝናኛ አንድ ከባድ አመጣሁ። ስሠራው ያመሸሁበት ነው። 6፣ 28፣ 120፣ 496፣ 8128።

በጣም ኮርቼበታለሁ። አምስቱም ከ1 ጀምሮ ተከታታይ ቁጥሮችን በመደመር የሚገኙ ናቸው። 6 እስከ 3፣ 28 እስከ 7፣ 120 እስከ 15፣ 496 እስከ 31፣ 8128 እስከ 127 ሲደመር። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ሁሉንም ያስገባል። ከሥር ሲገባ ግን 3፣ 7፣ 31 እና 127 ፕራይም ናቸው፤ 15 አይደለም። የዚህ ትርጉም ደግሞ ትልቅ ነው። 6ን የሚያካፍሉት ከራሱ በታች ያሉ ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸው ራሱ 6 ነው። 28ም 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱ 28 ይመጣል። 496 እና 8128ም እንዲሁ። ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ፤ አራቱን የጥንት ግሪኮች ያውቋቸው ነበር። የ120 አካፋዮች ግን ተደምረው 240 ይመጣሉ፤ ልክ እጥፉ።

ሰሌዳውን ገና ጽፌ ሳልጨርስ የእህቴ ልጅ «120» አለች።

ደነገጥኩ። ሌሎቹም ዞረው አዩዋት። እኔ ማርከሬን አንስቼ ከ1 እስከ 127 ያለውን ድምር፣ ፕራይሞቹን፣ አካፋዮቹን፣ ግሪኮቹን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሰሌዳው ሞላ። ስጨርስ ዞር ብዬ «አንቺ ግን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«አራቱ በ6 ወይም በ8 ያልቃሉ» አለች። «እሱ በዜሮ ነው የሚያልቀው። ጋሼ፣ አጥቁሬ ወደ ሚቀጥለው አልፌአለሁ እኮ።»